ረግረጉም አባት ይፈልጋል፦ ከኢሉባቦር፣ ከፎገራና ከሐረማያ የምንማረው

 

የዛሬው ጽሑፍ ስለ ዘር ወይም ስለ ማዳበሪያ አይደለም፤ ታሪክ ነው። ነገር ግን በጥሊሊ ዙሪያ በየቀበሌው የምንጨቃጨቅበትን ጉዳይ ይነካል። ጉዳዩ ይኸው ነው፦ «ያ ረግረግ ለምን ዝም ብሎ ይቀመጣል? ቦይ ቀደን፣ ውሃውን ወደ ወንዙ ለቀን፣ ድንች አንተክልበትም? ዳሩን ባሕር ዛፍ ብናደርገውስ?» ጠያቂው ሰነፍ ወይም ክፉ ሰው አይደለም። ብዙ ጊዜ መሬት ያልደረሰው ወጣት ነው። ጥያቄው የእንጀራ ጥያቄ ስለሆነ «አይቻልም» ብሎ ማለፍ መልስ አይሆንም። ይህንኑ ጥያቄ ከኛ በፊት የጠየቁ አገሮች አሉ። እነሱ ምን አደረጉ፣ ምንስ አገኙ? እስቲ እንያቸው።

ረግረግ ሥራው ምንድን ነው?

መጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል። ረግረግ ባዶ መሬት አይደለም። ክረምት ላይ ከተራራው እየደፈረሰ የሚወርደው ጎርፍ እንግጫና ቄጤማ ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱ ይሰበራል። ፍጥነቱ ሲሰበር የተሸከመውን አፈር ያራግፋል። ከማሳችን ታጥቦ የሄደው ኤንፒኤስ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ እዚያው ይቀራል። ከዩሪያው የመጣውን ናይትሮጂን ደግሞ ከፊሉን ዕፅዋቱ ይመገቡታል፤ ከፊሉን በጭቃው ውስጥ ያሉ ዓይን የማያያቸው ሕያዋን ወደ አየር ይመልሱታል። ስለዚህ ደፍርሶ የገባው ውሃ ጠርቶ ይወጣል። ጠራ ማለት ግን ለመጠጥ ተዘጋጀ ማለት አይደለም፤ ማፍላት ወይም ማከም ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ሥራው ማጠራቀም ነው። የክረምቱን ውሃ እንደ ስፖንጅ ይዞ በበጋ ቀስ እያለ ይለቀዋል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ከታች ያለው ምንጭ የሚፈሰው፣ ላሟ አረንጓዴ ሣር የምታገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ለዘመን መለወጫ ልጃገረዶች የሚነቅሉት እንግጫ፣ በበዓል ቀን ቤት የሚጎዘጎዘው ቄጤማ፣ እረኛው ከዝናብ የሚጠለልበት ገሳ የሚሠራበት ሣር ከእንዲህ ያለ ቦታ የሚገኝ ነው። ፈረሳችንም ሣር ይፈልጋል። ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ በማኅበር ተደራጅቶ የሚጋልበው የአገው ፈረሰኛ ፈረሱን የሚያበላበት ሜዳ ከሌለ በዓሉን በምን ያደምቀዋል?

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ።

ኢሉባቦር፦ ሁሉንም ማድረቅ ያመጣው ጣጣ

በመቱ ዙሪያ ያለው ኢሉባቦር ዝናብ የጠገበ አገር ነው። ተዳፋቱ ቡናና ጫካ ነው፤ በኮረብቶቹ መካከል ደግሞ በየሸለቆው ረግረግ አለ። የአገሩ ሰው «ጨፌ» ይለዋል። ጨፌው የቤት ክዳን ሣር፣ ቡና ሲፈላ የሚጎዘጎዝ ለምለም፣ የመጠጥ ምንጭና መድኃኒት ሁሉ የሚገኝበት ቦታ ነበር። ገበሬዎቹ ከመቶ ዓመት ገደማ ጀምሮ ከፊሉን በቦይ እያጠነፈፉ በቆሎ ዘርተውበታል። የረግረግ በቆሎ የሚደርሰው የተዳፋቱ እህል ገና ሳይደርስ፣ ጎተራ ባዶ በሚሆንበት በክረምቱ ወራት ስለሆነ ብዙ ቤተሰብ ከረሃብ አሻግሯል። ይህን መዘንጋት የለብንም፤ ረግረግን በልክ ማረስ በራሱ ጥፋት አልነበረም።

ልኩን የሚጠብቅ ሰው ነበራቸው። «አባ ላጋ» ይሉታል። «ላጋ» በኦሮምኛ ወንዝ ነውና ትርጉሙ «የወንዝ አባት» ነው። ለኛ እንግዳ አይደለም፤ በመስኖ አካባቢ ውሃ በተራ የሚያካፍለውን ሰው እኛም «የውሃ አባት» እንለዋለን። አባ ላጋ ቦይ መቼ እንደሚቀደድ፣ መቼ እንደሚጠረግ፣ ማን ምን ያህል ቀን እንደሚሠራ ያስተባብራል። አውሬ እህል እንዳያጠፋ ጥበቃውን ያደራጃል፤ ጠብ ሲነሳ ያስታርቃል። ቦይ የአንድ ሰው ጉዳይ አይደለም። ከላይ ያለው ሰው ቦዩን ሲያጠልቅ የታችኛው ይጥለቀለቃል ወይም ይደርቅበታል። የውሃ ነገር ያለ ዳኛ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ከዚያ ነገሩ ተለወጠ። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ታወጀ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከወሎና ከትግራይ ብዙ ሕዝብ ወደ ኢሉባቦር ሰፈረ። አፍ በዛ፣ መሬት ጠበበ። ከላይም «የምግብ እጥረት ስላለ ረግረጉ ሁሉ ይታረስ» የሚል ግፊት መጣ። ግፊቱ በደርግ ጊዜም ነበረ፤ ከደርግ በኋላም በድርቅ ዓመታት ተመልሶ መጣ። ከፊሉን ማረስ ቀርቶ ከዳር እስከ ዳር ማድረቅ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ማምረት ቀርቶ ሁለት ጊዜ ማምረት ተጀመረ። የአባ ላጋ ሥልጣንም በየቦታው ላላ።

ምን ሆነ? የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት ጥሩ ነበር። በኋላ ግን አንዳንዱ ረግረግ ከልክ በላይ ደረቀ። የደረቀ የረግረግ አፈር እንደ ጥንቱ ውሃ አይዝም። ከብት ሲረግጠው ይጠጥራል፤ ምርቱ ያንሳል፤ የክዳን ሣሩ ይጠፋል፤ ዳር ያለው ምንጭ ይደክማል። በመጨረሻ እህልም ሣርም ውሃም የማይሰጥ መሬት ይሆናል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? እዚህ ደግሞ ውሃው ራሱ እያሳሳቀ ሄደ።

እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2000 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የእንግሊዙ ሃደርስፊልድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንን ጉዳይ ከገበሬዎቹ ጋር አጠኑ። የሚገርመው፣ መፍትሔውን በአብዛኛው ያገኙት ከገበሬው እጅ ነው። ረግረጋቸው ያልሞተባቸው መንደሮች የሚያደርጉት ተመሳሳይ ነበር። የረግረጉን ራስ፣ ማለትም ምንጮቹ የሚፈልቁበትን የላይኛውን ክፍል፣ አያርሱም። ምርት ከተሰበሰበ በኋላ ቦዩን ደፍነው ውሃው ተመልሶ እንዲተኛ ያደርጋሉ። እርጥብ ሳለ ከብት አያስገቡም። መሬቱን በየተወሰነ ዓመት ያሳርፉታል። ከበላዩ ያለውን ተዳፋት ከዛፍ አያራቁቱም። ይህንን የሚያስከብረውም ሰው ነው እንጂ ወረቀት አይደለም።

ፎገራ፦ ሩዙ ሲመጣ የሄደው

ሁለተኛው ታሪክ ከክልላችን ነው። ከጣና በስተምሥራቅ ያለው የፎገራ ሜዳ ድሮ በክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ በበጋ ለምለም ግጦሽ የሚሆን አገር ነበር። የፎገራ ከብት በወተቷ ስሟ የታወቀው፣ ረግረግ ላይ መሰማራት የለመደች ዝርያ የሆነችው በዚያ ሜዳ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሩዝ ወደ ፎገራ ገባ፤ በኋላ ሜዳውን ሁሉ ሸፈነው። ሩዝ ለፎገራ ገበሬ ትልቅ በረከት ነው፤ ብዙ ቤት ቆርቆሮ የለበሰው በሩዝ ነው። ግን ዋጋ አለው። ግጦሹ ጠበበ፤ የፎገራ ከብት ዝርያ ቁጥር እየመነመነ መጣ።

እዚያው አካባቢ ሸሸርና ወላላ የሚባሉ ሁለት ረግረጎች አሉ። ክረምት ላይ ወንዙ ሲሞላ ውሃ ገብቶ ይተኛባቸዋል። ዓሣ ከጣና ወጥቶ እንቁላሉን ይጥልባቸዋል፤ በበጋ ከአውሮፓ የሚመጡ ወፎች ይሰፍሩባቸዋል። ባለፉት ዐሥርት ዓመታት ግን ዙሪያቸውን ሽንኩርትና ሌላ የመስኖ ሰብል ከበባቸው። በፓምፕ ውሃው ተሳበ፤ መሬት ቶሎ እንዲወጣም በቦይ ተለቀቀ። በተለይ ሸሸር ውሃ የሚተኛበት ስፋቱ በሁለት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ከቀድሞው በጣም ትንሽ እጅ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ፓምፕ የገዛው እያንዳንዱ ገበሬ ጥፋተኛ ነው ማለት አይደለም። የአንድ ሰው ፓምፕ ረግረግ አያደርቅም። መቶ ፓምፕ ያለ አንድ የውሃ አባት ግን ያደርቃል።

ጣና ላይ ያለውን እምቦጭም እዚህ ላይ አስታውሱ። እምቦጭ በሐይቁ ላይ በይፋ የታየው በ2004 ዓ.ም. ነው። ይህ አረም ከየማሳው ታጥቦ የሚመጣውን ምግብ ይወዳል። ያንን ምግብ በመንገድ ላይ የሚያጣራው ደግሞ በወንዞቹ አፍ ያለው ደንገልና ረግረግ ነበር። ማጣሪያው ሲነሳ የማሳው ማዳበሪያ በቀጥታ ሐይቅ ይገባል። የኛ ፈጣም ወደ ዓባይ እንጂ ወደ ጣና አይገባም። የዳንግላ በኩል ውሃ ግን በግልገል ዓባይ አድርጎ ጣና ይደርሳል። አዊ ላይ የጠፋ ረግረግ ሌላ አገር ላይ ዕዳ ሆኖ ይታያል ማለት ነው።

ሐረማያ፦ ሐይቁ ሄዶ ሲመለስ

ሦስተኛው ታሪክ ከምሥራቅ ነው። የሐረማያ ሐይቅ ለብዙ ዓመታት የሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ምንጭ ነበር። አጠገቡ የእርሻ ትምህርት ያስተማረን ትልቅ ዩኒቨርሲቲ አለ። ሐይቁ በእውቀት ማነስ አልሞተም። በአንድ በኩል ከተማው ይስባል፤ በሌላ በኩል ጫትና አትክልት የሚያለማው ገበሬ በሞተር ይስባል። ከዙሪያው የተራቆተ ኮረብታ ደለል ይወርድበታል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. ሐይቁ ደረቀ። ጀልባ ይሄድበት የነበረው ቦታ ከብት የሚሄድበት ሆነ። ሐረርም ውሃ ፍለጋ እስከ ድሬዳዋ አካባቢ መሄድ ግድ ሆነባት፤ በረዥም ቧንቧ፣ በብዙ ገንዘብ።

ደስ የሚለው ክፍል ቀጥሎ ያለው ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውሃው ተመልሷል። ዙሪያውን የተፋሰስ ሥራ ተሠራ፤ ከሐይቁ በቀጥታ መሳብ ቀነሰ፤ ዝናቡም አገዘ። ወፎቹም ተመለሱ። እንደ ድሮው ሙሉ ነው አልልም፤ ስጋቱም አልቀረም። ግን «አንዴ የሄደ ውሃ አይመለስም» ለሚል ሰው ሐረማያ መልስ ነው።

ከኛ አገር ውጭም እንዲህ ያለ ታሪክ አለ። በደቡብ ኢራቅ ጤግሮስና ኤፍራጥስ የሚገናኙበት ሰፊ ረግረግ ነበር። ሰዎቹ በሸምበቆ ቤት እየኖሩ ጎሽ ያረቡ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1991 በኋላ የሳዳም መንግሥት በፖለቲካ ቂም ግድብና ቦይ ሠርቶ አደረቀው፤ በዐሥር ዓመት ውስጥ ዘጠና በመቶ ያህሉ ጠፋ። በ2003 መንግሥቱ ሲወድቅ ነዋሪዎቹ ራሳቸው ግድቡን በአካፋ አፍርሰው ውሃውን ለቀቁት። ንጹሕ ውሃ በበቂ ያገኘው ቦታ በጥቂት ዓመት ሸምበቆውን አበቀለ። ጨው የበዛበት፣ ውሃው የማይንቀሳቀስበት ቦታ ግን አልዳነም። ትምህርቱ፣ ረግረግ ይመለሳል፤ ግን ብዙ ከዘገዩ ሁሉም አይመለስም። ሳይቃጠል በቅጠል።

በርጋ፦ ሣሩን ሳያጡ ወፏን ማዳን

አንድ ልጨምር፣ ምክንያቱም ለከብት አርቢ ይጠቅማል። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ሆለታ አካባቢ በርጋ የሚባል የሣር ረግረግ አለ። እዚያ በክረምት ክንፏ ላይ ነጭ ያላት፣ ከዶሮ ጫጩት ብዙ የማትበልጥ ወፍ ትራባለች። በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት ከቀሩት ወፎች አንዷ ናት። እንቁላሏን የምትጥለው ረዘም ባለ ሣር መካከል መሬት ላይ ነው፤ ከብት ሲገባ ይረግጠዋል።

የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከገበሬዎቹ ጋር ሲመክር «ሜዳውን ተዉ» አላለም። ነዋሪዎቹ በቡድን ተደራጅተው ወፏ እስክትፈለፍል ከብት ላለማስገባት ተስማሙ። ከዚያ በኋላ ሣሩ ይታጨዳል፤ ግጦሹም ይቀጥላል። ማለትም ሜዳው በቀን መቁጠሪያ ተከፋፈለ፤ በክረምቱ ለወፏ፣ ከዚያ ለማጭድ፣ ከዚያ ለከብት። አድጎ የታጨደ ሣር ገና ሳይበቅል ከሚጋጥ ሣር የበለጠ ድርቆሽ ይሰጣል፤ ይህን እናንተው ታውቁታላችሁ።

ታዲያ እኛስ?

ከነዚህ ታሪኮች ለጥሊሊና ለአካባቢዋ የሚሆነውን እንዲህ ሰብስቤዋለሁ።

1. ዓይኑን አትንኩ። ምንጭ የሚፈልቅበት የላይኛው ክፍል አይታረስ፣ ቦይ አይግባበት፣ ከብት አይርገጠው። አጥሩት። ኢሉባቦር የዳነው በዚህ ነው።

2. የተቀደደውን ቦይ ከላይ ጀምራችሁ ድፈኑ። አንድ ትልቅ ግድብ አትሥሩ፤ ክረምት ይጥሰዋል። በሸክላ አፈርና ከነሥሩ በተቆረጠ ሣር ብዙ ትንንሽ ክትር ሥሩ። በሁለት ክትር መካከል የውሃው ከፍታ ልዩነት ከአንድ ስንዝር ብዙ ባይበልጥ ይመረጣል። ሥራው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ውሃው ገና ሳያልቅ ቢሆን ጥሩ ነው። ከመድፈናችሁ በፊት ማሳው ሊጥለቀለቅበት ከሚችለው ጎረቤት ጋር ተስማሙ።

3. ዳሩን ልቀቁ። እስከ ረግረጉ አፍ አትረሱ። ጥቂት እርምጃ የሣር መከላከያ ተዉ። የመድኃኒት መርጫ እዚያ አትጠቡ። ባሕር ዛፍ ውሃ ጠጪ ስለሆነ ከረግረግና ከምንጭ ይራቅ። ጣሊያኖችና ሌሎችም ወባ ያለበትን ረግረግ ለማድረቅ ብለው ሆን ብለው ይተክሉት ነበር፤ እኛ ሳናስበው ያንኑ እናደርጋለን።

4. ተራራውን ያዙ። እርከን ከላይ ካልተሠራ ደለሉ ረግረጉን ይሞላዋል። ሐረማያን አስቡ።

5. ልቅ ግጦሹን በቀን ቁጠሩ። አጭዶ መመገብ ሌላም ጥቅም አለው። ከብት ረግረግ ውስጥ ስትግጥ የጉበት ትልና አልቅት ይይዛታል። ታጭዶ በደንብ የደረቀ ድርቆሽ የጉበት ትሉን አደጋ በብዙ ይቀንሳል። «ረግረግ በሽታ ነው» የሚሉ ሰዎች ከፊል እውነት አላቸው፤ መድኃኒቱ ግን ማድረቅ ሳይሆን ማጨድ ነው።

6. አባት ሹሙለት። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ለመስኖው የውሃ አባት አለን፤ ለቀብሩ ዕድር አለን። ለረግረጉ ግን ማን አለ? የሁሉ የሆነ ነገር የማንም አይደለም። ተጠቃሚው የሚመርጠው፣ ቀበሌውና የመሬት አስተዳደር ኮሚቴው የሚያውቀው፣ ቅጣቱ በመተዳደሪያ ደንብ የተጻፈ ሰው ይኑር። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456ም በገጠር ረግረግ መሬት ያለው ብዝኃ ሕይወት እየተጠበቀ በአግባቡ ጥቅም ላይ ይዋል ይል ነበር እንጂ አይነካ አይልም ነበር።

የወጣቱስ ነገር?

መሬት ለሌለው ወጣት «ረግረጉ ይጠበቅ» ብቻ ካልነው ነገ በሌሊት ቦይ ይቀድዳል። እውነቱን እንነጋገር። ረግረጉ ከተመለሰ ሦስት ነገር ይገኛል፦ የሚሸጥ ድርቆሽ፣ በዙሪያው የሚቀመጥ የንብ ቀፎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እስከ ሚያዝያ የማይቋረጥ ውሃ። ድንቹ ረግረጉ ውስጥ ሳይሆን ከረግረጉ በታች፣ በዚያ ውሃ ይተከል። ወጣቱ የድርቆሹና የቀፎው ባለቤት በደንቡ ላይ በስሙ ይጻፍ። ጠባቂው ተጠቃሚ ካልሆነ ጠባቂ አይደለም።

ውጤቱን በአንድ ዓመት አትጠብቁ። የሣሩ ሥርና ዘር አፈር ውስጥ ካለ በአንድና በሁለት ክረምት እንግጫው ብቅ ይላል። ዳክዬውና ሽመላው ሣሩን ተከትሎ ይመጣል። ምንጩ ግን ይዘገያል፤ መሬቱ ጠጥቶ ሳይጠግብ ለሌላ አይሰጥም።

በመጪው የቀበሌ ስብሰባ «ረግረጉን እንከፋፈለው ወይስ እንተወው?» የሚል ጥያቄ ከተነሳ፣ አንድ ጥያቄ ቀድማችሁ አንሱ፦ «አባቱ ማን ይሁን?» እሱ ከተመለሰ ሌላው ይከተላል።

መልካም የሥራ ጊዜ ይሁንላችሁ። ስልክ ለሌላቸው ጎረቤቶቻችሁ አንብቡላቸው።